በአንድ እጅ የተያዘ ቅርስ እንደ ጠፋ ይቈጠራል

የሰው ልጅ የእጁን ሥራ የሚያጣባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። እሳት ያቃጥላል፤ ጎርፍ ይወስዳል፤ ጦርነት ያፈርሳል። እንዲህ ባለው ጊዜ ሰው ያዝናል እንጂ አያፍርም፤ ጥፋቱ ከውጭ የመጣ ነውና። ጠባቂው ራሱ በደኅና ዘመን፣ በገዛ ፈቃዱና በገዛ ፊርማው ያጠፋው እንደ ሆነ ግን ኀዘኑ ከእፍረት ጋር ይቀላቀላል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ጥፋት ነው፤ ደግሞም ከጥፋቱ የተረፈውን ማን እንዳተረፈው፣ ዛሬም ያን አትራፊ አሽቀንጥረው ለመጣል ስለሚቸኵሉ ሰዎች ነው።

በዚህ ዘመን ከብዙዎች አፍ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። «የቪዲዮ ካሴትና የዲቪዲ ጊዜ አልፏል፤ ማንኛውም ፊልም በኢንተርኔት ይገኛል፤ ስለዚህ በቤት መደርደሪያ ላይ ካሴትና ዲስክ መደርደር አቧራ ማከማቸት ነው» ይባላል። ነገሩን ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። እኛ ግን ይህ አነጋገር ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው እንላለን። ለዚህም ምስክር አድርገን የምንጠራው የእንግሊዝን የቴሌቪዥን ታሪክ፣ ከዚያም ውስጥ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረቱትን የጀብዱ ድራማዎች ነው። ምሳሌውን ከሩቅ አገር ማምጣታችን የጥፋቱም የመዳኑም መዝገብ በዚያ በግልጽ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» የተባለውን ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት በዋዜማው ስለ ነበረ የሕዝቡ ልብ በሌላ ነገር ተይዞ ነበር፤ ድራማው ግን ውሎ አድሮ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ሐሳቡን ካመነጩት ሰዎች ዋናው ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን ነበር። አዘጋጅዋ ቬሪቲ ላምበርት ገና የ27 ዓመት ወጣት ነበረች፤ የመጀመሪያውን ታሪክ በዳይሬክተርነት የመራውም በሕንድ አገር የተወለደው ዋሪስ ሁሴን ነበር። የመግቢያውን ዜማ ሮን ግሬነር ደረሰው፤ ዴሊያ ደርቢሻየር ደግሞ የሙዚቃ ጓድ ሳታሰልፍ፣ ድምፆችን በቴፕ እየቀረጸች፣ ቴፑንም እየቈረጠችና እየቀጠለች አሰማችው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ዊልያም ሃርትኔል የተጫወተው አንድ እንግዳ ሽማግሌ፣ ከውጭ ሲያዩት የፖሊስ ስልክ የሚገኝበትን ሣጥን የሚመስል፣ ከውስጥ ግን ሰፊ አዳራሽ የሆነ መርከብ አለው፤ በእርሱም ተሳፍሮ በዘመናት መካከል ወደ ኋላና ወደ ፊት ይጓዛል። አንድ ጊዜ ከማርኮ ፖሎ ጋር በእስያ በረሃ ያቋርጣል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ደራሲው ቴሪ ኔሽን የፈጠራቸውን፣ ዳሌክ የሚባሉትን ርኅራኄ የማያውቁ ፍጥረቶች ይገጥማል። ቤተሰብ በአንድነት ተቀምጦ ከጨዋታው ጋር ታሪክና ሳይንስ እንዲቀምስ ታስቦ የተሠራ ነበር። እንግዲህ ይህ ሥራ ምን ደረሰበት?

ከ1963 እስከ 1969 በነበሩት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዙሮች 253 ክፍሎች ተሠሩ። ከእነዚህ ዋና የቪዲዮ ቴፖች አንድም አልቀረም፤ ሁሉም እየተደመሰሱ ሌላ ነገር ተቀረጸባቸው። ለውጭ አገር ሽያጭ ሲባል ወደ 16 ሚሊሜትር ፊልም የተገለበጡት ቅጂዎችም ከ1972 እስከ 1978 ባለው ጊዜ በየተራው ተጣሉ። ዳሌኮች መጀመሪያ የታዩበት ታሪክ ሰባቱም ክፍሎች እንኳ የዳኑት በ1978 ለመጥፋት ተዘጋጅተው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ከረጅም ፍለጋ በኋላ በ2013 የጐደሉት ሲቈጠሩ 97 ሆነው ተገኙ፤ ይኸውም ከ100 እጅ 38 ያህል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ቈጠራ ከ«ማርኮ ፖሎ» ሰባት ክፍሎች አንድም አልነበረም። ሁለተኛው ዶክተር ፓትሪክ ትራውተን ከገባበት ከ«የዳሌኮች ኀይል» ስድስት ክፍሎችም አንድ ሙሉ አልተገኘም። ሃርትኔል ወደ ትራውተን የተለወጠበት የ1966ቱ ትርኢት እንኳ ሙሉ ክፍሉ ሲጠፋ ቅንጣቢው ብቻ ቀረ፤ እርሱም የቀረው በ1973 አንድ የልጆች ፕሮግራም ለአፍታ ስላሳየው ነው።

ለዚህ ሥራ ጠበቃ የሚቆሙ ሰዎች አሉ። ጠበቆቹ የሚያቀርቡትን መከላከያ አንድ በአንድ እንመርምረው።

የመጀመሪያው መከላከያ የገንዘብ ጉዳይ ነው። «በዚያ ዘመን የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበረ፤ እየደመሰሱ መልሶ መቅረጽም ቍጠባ ነው» ይላሉ። ቴፑ ውድ እንደ ነበረ አንክድም። ከተዋንያንና ከሙዚቀኞች ማኅበራት ጋር የተደረገው ስምምነትም አንድን ድራማ ደጋግሞ ማሳየትን ያጠብብ እንደ ነበረ እናውቃለን። ዳሩ ግን ይህ መከላከያ ቴፑን ያስረዳ እንደ ሆነ እንጂ ፊልሙን አያስረዳም። አንድ ጊዜ የታተመ ፊልም ተደምስሶ ሌላ ሥዕል አይታተምበትም። ፊልሙን በማጥፋት የተገኘው ትርፍ የመደርደሪያ ቦታ ብቻ ነው። እንግዲህ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት፣ የደራሲና የተዋናይ ላብ የፈሰሰበት ሥራ የተሸጠው በመደርደሪያ ስንዝር ነው ማለት ነው። ይህን ቍጠባ ብሎ የሚጠራ ሰው ጐተራውን ለማጽዳት ዘሩን የሚያቃጥለውን ገበሬ ቈጣቢ ይለው ይሆናል።

ሁለተኛው መከላከያ የዕውቀት ማነስ ነው። «ሰዎቹ ወደ ፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ ቪዲዮ እንደሚኖረው እንዴት ሊያውቁ ይችላሉ? ቀለም ከመጣ በኋላ ጥቍርና ነጩን ማን ይገዛል ቢሉ ይፈረድባቸዋልን?» ይላሉ። እኛም መልሰን እንጠይቃለን፤ መጽሐፍ የሚታተምበት አገር አንባቢውን አስቀድሞ ቈጥሮ ነውን መጽሐፉን የሚያኖረው? በእንግሊዝ አገር የሚታተም መጽሐፍ አንድ ቅጂ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ ሕግ ያስገድድ ነበር። የፊልም ቤተ መዛግብትም በ1935 ተቋቁሞ ነበር። ስለዚህ የማኖር ሐሳብ ያልታወቀ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የቴሌቪዥን ድራማ ግን እንደ ጋዜጣ መጠቅለያ ተቈጥሮ ከዚህ ክብር ውጭ ቀረ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሦስተኛው መከላከያ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ይኸውም ንቀት ነው። «ደግሞ ለሕፃናት ጨዋታ! በላስቲክ ልብስና በቆርቆሮ ለተሠራ ጭራቅ ይህን ያህል ጩኸት ለምን?» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የጠፋውን ሁሉ ቢመረምሩ ንቀታቸው ያሳፍራቸው ነበር። ደራሲው ናይጄል ኒል በ1953 «የኳተርማስ ሙከራ» የተባለ ስድስት ክፍል ያለው ድራማ አቀረበ፤ በሰማይ የተላከው ሰው ሌላ ፍጥረት ሆኖ ሲመለስ የሰው ልጅ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ፣ ለአዋቂዎች የተጻፈ ሥራ ነበር። በቀጥታ ሲተላለፍ የተቀረጹት ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ብቻ በመሆናቸው አራቱ እንደ ጭስ ተበተኑ። የከዋክብት ተመራማሪው ፍሬድ ሆይል ከጆን ኤልየት ጋር የደረሰው «ኤ ለአንድሮሜዳ» በ1961 በሰባት ክፍሎች ታየ፤ በሙሉ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ከ1965 እስከ 1971 የታየው «ከማይታወቀው ዓለም» የታላላቅ ደራስያንን አጫጭር ልብ ወለዶች ወደ ድራማ እየለወጠ 49 ክፍሎች ሠርቶ ነበር፤ 20 ተረፉ። የጠፋው የሕፃን መጫወቻ ብቻ ነው የሚል ሰው እነዚህን ይቍጠር።

ከዚህ ጋር አንድ ንጽጽር ማቅረብ ይገባል። በዚያው ዘመን በዚያው አገር የተሠሩት «ተንደርበርድስ» 32ቱም ክፍሎች፣ «እስረኛው» የተባለውም 17ቱም ክፍሎች ሳይጐድሉ ይገኛሉ። ለምን ቢባል፣ እነዚህ ገና ከጅምሩ ለውጭ ገበያ ታስበው በጥሩ ፊልም የተሠሩ ሸቀጦች ስለ ነበሩ ነው። ነጋዴ ዕቃውን ጠበቀ፤ የሕዝብ አደራ የተቀበለው ድርጅት ግን አደራውን ጣለ። ነጋዴውን ለማመስገን አይደለም ይህን የምንለው፤ አንድ ሥራ ዋጋው የሚመዘነው በዓመቱ ገበያ ብቻ ከሆነ፣ ገበያ ያጣው ሁሉ ለእሳት የተዘጋጀ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ታዲያ የተረፈው በማን ተረፈ? መልሱ የሚያስደንቅ ነው። ማንም ሳያዛቸውና ደመወዝ ሳይከፍላቸው፣ በየቤታቸው ቴፕ መቅጃቸውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርገው ድምፁን የቀዱ ወጣቶች ነበሩ። በእነርሱ ትጋት የጠፉት ክፍሎች ሁሉ ድምፃቸው ይገኛል፤ ሥዕሉ ከጠፋው ውስጥ ድምፁ አብሮት የጠፋ አንድ ክፍል እንኳ የለም። ጆን ኩራ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ ከመስኮቱ ላይ ድራማዎቹን በተከታታይ ፎቶግራፍ እያነሣ ለሠሪዎቹ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ የብዙዎቹ ክፍሎች መልክ የሚታወቀው በእርሱ ሥዕሎች ነው።

ፊልሞቹም ቢሆኑ የተገኙት ማንም ባላሰበበት ቦታ ነው። በ1983 ሁለት ክፍሎች በለንደን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወጡ። «የሳይበርሜኖች መቃብር» አራቱም ክፍሎች ከሆንግ ኮንግ ተመልሰው በ1992 ለሕዝብ ተነገረ። በ1999 አንድ ክፍል በኒው ዚላንድ ከአንድ ፊልም ሰብሳቢ እጅ ተገኘ። በ2013 ደግሞ ናይጄሪያ ውስጥ፣ በጆስ ከተማ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ ጣቢያ ዕቃ ቤት ፊልሞች ተቀምጠው ተገኙ፤ ከእነርሱም ዘጠኙ ከዓለም ጠፍተዋል የተባሉ ክፍሎች ነበሩ። የውጭ ጣቢያዎች ፊልሙን ካሳዩ በኋላ እንዲመልሱ፣ ወይም ወደ ሌላ አገር እንዲያሳልፉ፣ ወይም እንዲያጠፉ ይታዘዙ ነበር። እንግዲህ የለንደኑ ባለአደራ ያጠፋውን የጆስ ዕቃ ቤት አቆየው፤ አቧራ ከፊርማ ይልቅ ታማኝ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህም ይበልጥ የሚያስገርም አለ። የአውስትራሊያ ሳንሱር ለልጆች ያስፈራሉ ያላቸውን ትርኢቶች ከፊልሙ እየቈረጠ ያወጣ ነበር። ቍርጥራጮቹ ከመዝገብ ጋር ተቀምጠው በ1996 ተገኙ። ሙሉው ፊልም ጠፍቶ፣ ሕዝብ እንዳያየው የተከለከለው ቅንጣቢ ብቻ ለሕዝብ ተረፈ። መቀስ ያዳነውን መዝገብ ቤት እንዳጠፋው የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የት ይገኛል?

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። መጽሐፈ ሄኖክ በግሪክና በአራማይክ ሙሉ መልኩ ጠፍቶ ሳለ፣ በሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ በ1773 አውሮፓ ሲደርስ ነው የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን ለማየት የበቁት። ማዕከሉ የጣለውን ዳርቻው እንደሚያቆይ፣ ጸሐፊ ብራና ዳምጦ በየደብሩ የገለበጠው ቅጂ ከአንድ ትልቅ ግምጃ ቤት ይልቅ አስተማማኝ እንደ ሆነ አባቶቻችን በሥራ አሳይተዋል። ብራናውም የሆንግ ኮንጉም ፊልም የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ ቅጂ ሲበዛ ሥራ ይኖራል፤ ቅጂ ሲያንስ ሥራ ይሞታል።

ወደ ቪዲዮ ካሴቱ እንመለስ። ቢቢሲ «ዶክተር ሁ»ን በካሴት ማተም የጀመረው በ1983 ነበር። በዚያው ዓመት በሎንግሊት በተደረገው የ20ኛ ዓመት በዓል ላይ የተገኙት ወዳጆች የትኛው ታሪክ ይታተም ተብለው ሲጠየቁ «የሳይበርሜኖች መቃብር»ን መረጡ። ያ ታሪክ ግን በዚያን ጊዜ በድርጅቱ እጅ አልነበረም፤ ባለቤቱ የሕዝቡን ምርጫ አስቀድሞ አጥፍቶት ነበር። በምትኩ «የሳይበርሜኖች በቀል» ታተመ፤ ዋጋውም 39 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም ነበር። ክፍሎቹ ተቀጣጥለው እንደ አንድ ፊልም ስለ ታተሙ የየክፍሉ መዝጊያ ተቈርጦ ወጣ። ይህ ዋጋም ይህ አቈራረጥም የሚያስነቅፍ ነበር፤ እኛም እንነቅፈዋለን።

ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ታላቅ ነገር ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ተመልካች የነበረው ሰው ባለቅጂ ሆነ። ሥራው ከአንድ ግምጃ ቤት ወጥቶ በብዙ ሺህ ቤቶች ገባ። ከሆንግ ኮንግ የተመለሰው «የሳይበርሜኖች መቃብር» እንደ ታወቀ በዚያው በ1992 በካሴት ታትሞ ለሕዝብ ደረሰ፤ እንግዲህ ማንም ባለሥልጣን ዳግመኛ ሊደመስሰው አይችልም። የሚገዛ ሕዝብ መኖሩም የጠፋውን ለመፈለግና የተበላሸውን ለመጠገን ምክንያት ሆነ። ካሴቱ ባይኖር ፍለጋው የጥቂት ወዳጆች ምኞት ሆኖ በቀረ ነበር።

የጥገናውን ነገር ጥቂት እናብራራው። በ1971 በቀለም የታየው «አጋንንቱ» የተባለ ታሪክ ከአምስቱ ክፍሎች የአራቱ የቀለም ቴፕ ጠፍቶ የጥቍርና ነጭ ፊልም ብቻ ቀርቶ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ አገር አንድ ተመልካች ድራማው በዚያ ሲተላለፍ በቤቱ የቪዲዮ መቅጃ በቀለም ቀድቶት ነበር። የዚህ ቅጂ ሥዕል ደብዛዛ ነው፤ ቀለሙ ግን እውነተኛ ነበር። ባለሙያዎች ቀለሙን ከቤቱ ካሴት፣ ጥራቱን ከፊልሙ ወስደው አዋሐዱት፤ በ1992ም ሥራው እንደ ጥንቱ በቀለም ታየ። ለዲቪዲ በተደረገውም ሥራ፣ የቀለም ምልክት በጥቍርና ነጭ ፊልም ላይ ጥቃቅን ነጥብ ሆኖ ታትሞ መቅረቱ ታውቆ፣ ከእነዚያ ነጥቦች ቀለም ማውጣት ተቻለ። ሥዕላቸው የጠፋ ታሪኮችም ወጣቶቹ በቀዱት ድምፅ ላይ የካርቱን ሥዕል እየተሠራላቸው ታተሙ፤ ከ«ወረራው» ሁለት ክፍሎች በ2006፣ «የዳሌኮች ኀይል» ደግሞ በ2016 እንደዚህ ተመልሰዋል። ይህ ሁሉ የተደረገው ለቤት ቪዲዮ ሲባል ነው። «አቧራ ማከማቸት» የተባለው ነገር ፍሬው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ክርክር ደርሰናል። «ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ድርጅቱ ራሱ ተጸጽቶ ሁሉን በኢንተርኔት አቅርቧል» የሚል ሰው ይነሣል። መልካም፤ እንግዲህ ይህን ይስማ። ኖቬምበር 1 ቀን 2023 ዓ.ም. ቢቢሲ ለ60ኛው ዓመት በዓል ከ800 የሚበልጡ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎችን በኢንተርኔት ማሳያው ላይ አወጣ። ከዚህ ሁሉ ብዛት መካከል ያልነበረው የትኛው ነው ቢባል፣ የመጀመሪያው ታሪክ ነበር! አንቶኒ ኮበርን የደረሰው፣ ሁሉ ነገር የጀመረበት ባለአራት ክፍል ታሪክ ከደራሲው ወራሽ ጋር በመብት ስምምነት ስላልተደረሰ ከበዓሉ ቀረ። ልደት ተከብሮ የተወለደው ሕፃን አልተጋበዘም።

ስለ ወራሹ መብት እዚህ አንከራከርም፤ የደራሲ መብት የተከበረ ነው፤ ለልጆቹም ሊተላለፍ ይገባል። የምንለው ሌላ ነው። ያ ታሪክ በ1990 በቪዲዮ ካሴት፣ በ2006ም በዲቪዲ ታትሞ ተሸጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ዋጋውን ከፍሎ የገዛ ሰው በ2023 ጠብ ቢነሣ፣ ውል ቢፈርስ፣ ከመደርደሪያው አንሥቶ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ያያል። በኢንተርኔት ብቻ የታመነው ግን በር ተዘግቶበት በደጅ ይቀራል። የመጀመሪያው ሰው ባለንብረት ነው፤ ሁለተኛው ግን በየወሩ ኪራይ እየከፈለ፣ አከራዩ በፈለገ ቀን የሚያስወጣው ተከራይ ነው። ኪራይ በራሱ ነውር አይደለም፤ ኪራይን ርስት ብሎ ለሕዝብ መንገር ግን ማታለል ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ «ካሴትም ይበላሻል፤ ዲስክም ይጫጫራል፤ ማጫወቻውም ከገበያ ይጠፋል» ብሎ ሊከራከረን ይችላል። እውነቱን ነው። የቪዲዮ ቴፕ በእርጥበት ይበላሻል፤ ዲስክም ለዘላለም የሚኖር አይደለም። ነገር ግን ልዩነቱን ይመልከት። የሺህ ሰዎች ዲስክ ሁሉ በአንድ ቀን አይበላሽም፤ የአንዱ ቢጫጫር የሌላው ይኖራል፤ ከዚያም ይገለበጣል። በአንድ ማሽን ውስጥ የተቀመጠው ግን በአንድ ውሳኔ፣ በአንድ ሌሊት፣ ከሁሉ ቤት በአንድነት ይጠፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን? እያንዳንዱ የቤት ቅጂ ደካማ ክር ነው፤ ክሮቹ ሲያብሩ ግን ቸልተኛ ባለሥልጣንን፣ ጠባብ በጀትን፣ የዘመንን ንቀት ያስራሉ።

እንግዲህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። የሕዝብ ድራማ የያዙ ድርጅቶች ያላቸውን ሁሉ ሳይቈርጡ፣ በሚገዛ ዋጋ በሚጨበጥ ቅጂ ያትሙ፤ «የሚገዛው ጥቂት ነው» የሚለው ምክንያት በ1970ዎቹ ምን እንዳስከተለ አይተናልና። መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍት እንደሚገባ፣ የቴሌቪዥን ድራማም ከሠሪው ውጭ በሆነ ሁለተኛ ግምጃ ቤት እንዲቀመጥ በሕግ ይደንገግ። በየቤቱ አሮጌ ፊልምና ቴፕ የያዘ ሰው ሌባ ተብሎ ሳይፈራ የያዘውን የሚያስመዘግብበት መንገድ ይከፈትለት፤ ፍርሃት ያስደበቀው ፊልም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና። መደርደሪያውን ሊያጸዳ የተነሣ ሰውም ካሴቱን ወደ ቆሻሻ ከመወርወሩ በፊት ይህ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ይገኛልን ብሎ ይጠይቅ።

ቢቢሲ ከ1978 ወዲህ ማጥፋቱን ትቶ መፈለግና መጠገን መጀመሩ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ጸጸት የጠፋውን አይመልስም። የሚመልሰው አስቀድሞ የቀዳ፣ የገለበጠ፣ የገዛና ያኖረ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ሰዎች ከእኛ የከፉ አልነበሩም፤ እነርሱም እንደ እኛ «አሁን ማን ያየዋል?» ብለው ነው የፈረሙት። ይህን ጥያቄ ዛሬ በየቤታችን ስንጠይቅ የምንገኝ ከሆነ፣ የምንነቅፈውን ፊርማ እኛም እየፈረምን ነው። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቅጂውን በእጁ የያዘ ሰው አይልቀቀው።